የደም ግፊት ነርስ

«እሺ፣ በአእምሮ ጤና ነርሷ የምትገለገሉ እጃችሁን አውጡ» አለ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው።

አንድም እጅ አልወጣም።

«ማንም የለም? ቤት ለቤት እየዞረች ታክማለች የተባለችው ሴትዮ ማንን ነው የምታክመው?» ትንሽ ጠበቀና ፈገግ አለ። «እንግዲህ እብድ የሌለበት ሰፈር ሆነናል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከእናቷ ጎን የተቀመጠችው ወጣት ግን የሚስቁትን እያየች ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ልጇ ድምፅ ይጠራኛል እያለ ጆሮውን በጥጥ ይደፍናል። የታክሲ ሹፌሩ ጭኑን እየመታ ሳቀ፤ ሚስቱ ከወለደች ወዲህ ሕፃኑን አላቅፍም ብላለች። ሁለቱንም የምታውቃቸው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለችው የነርሷ ጠባብ ክፍል በር ላይ ነው። እዚያ ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም፤ ሁሉም ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ነርሷ ታካሚዎቿን አንድ በአንድ ለምናቸው ነበር። «የሥራዬ በጀት ሲወሰን ኑና ተቆጠሩ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብላ። መጡ። ግን አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ በር አጠገብ፣ ለሌላ ጉዳይ የመጡ ይመስል ተበታትነው ተቀመጡ።

«እስቲ አንቺው ተናገሪ» አላት ሰብሳቢው፣ ከኋላ የቆመችውን ነርስ። «የታሉ ታካሚዎችሽ? ጥሪያቸው።»

«ስም አልጠራም። ሥራዬ አይፈቅድልኝም። ብዛታቸው ሪፖርቴ ላይ አለ።»

«ሪፖርት ላይማ ሁላችንም ጎበዞች ነን!»

አሁንም ተሳቀ።

የወጣቷ ደም ፈላ። ነርሷን የደበቋት እነሱ ራሳቸው ናቸው። እነሱ ቤት ስትመጣ የደም ግፊት መለኪያውን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ የወጣቷን ወንድም መርፌ ከሥሩ ሸሽጋ ነው የምትገባው። ጎረቤት ከጠየቀ እናቷ «ግፊቴን ልትለካኝ ነው» ትላለች። እናቷ ግፊት ኖሯት አያውቅም። እንዲያ አድርገው ሲደብቋት ኖረው፣ ዛሬ ጭራሽ የለችም ተባለች።

መርፌው ሳይጀመር ወንድሟ የጓሮው ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። አባቷ መስኮቱን በሚስማር ሲቸነክር፣ ወንድሟ ከውስጥ ሆኖ በደህናው ቀን ድምፁ «አባዬ፣ ሚስማሩ ተጣሟል፤ አውጣና እንደገና ምታው» ይለው ነበር። አሁን ፍሪጅ ይጠግናል። ዛሬም ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ትታው ነው የወጣችው። በጀቱ ከተሰረዘ ነርሷ ትዛወራለች፤ መርፌውም አብሯት ይሄዳል።

እናቷ ጉልበቷን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት።

«እንዳትነሺ። ገበናችንን አደባባይ እንዳታወጪው። ታናሽ እህትሽን ማን ያገባታል?»

ተነሳች። ተማሪ ሳለች መልሱን እያወቀች እንኳ እጇን የማታወጣ ልጅ ነበረች።

«እኛ ቤት ትመጣለች።»

«ምን አልሽ እህቴ? ጮክ በይ።»

«እኛ ቤት ትመጣለች! ወንድሜን ታክማለች። እናቴ ግፊት የለባትም፤ ውሸት ነው። ወንድሜ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፣ በእሷ መርፌ ነው ሰው ሆኖ የሚውለው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ነርስ አነሰችን፣ ጨምሩልን ልንል ነበር እኮ የመጣነው! እናንተ ጭራሽ ያለችውንም ልትወስዱብን? ያውም እየሳቃችሁ? እሷን ወስዳችሁ ምን ልትሰጡን ነው፣ ሚስማር?»

አሁን ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«አንድ ቤት ብለህ ያዝ።» ከዚያ ለእሷ፣ በለዘበ ድምፅ፣ «አይዞሽ ልጄ። ግን ለአንድ ቤት ብለን በጀት አንይዝም።»

ወደ ኋላዋ ዞረች። ልብስ ሰፊዋን አየቻት። ልብስ ሰፊዋ የቦርሳዋን ዚፕ መክፈት መዝጋት ጀመረች። ሹፌሩ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ስማቸው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጣቷን መቀሰር ብቻ ይበቃታል። ከኋላ ነርሷ ዓይኗን ሳትነቅል ራሷን በዝግታ ግራና ቀኝ ነቀነቀችላት። ስማቸውን መልሳ ዋጠችው። እንደ እሬት መረራት።

«በይ ተቀመጪ፣ ሰዓት እየሄደብን ነው።»

አልተቀመጠችም።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ገለጠ። «ወደሚቀጥለው እንለፍ፤ የዋናው መንገድ መብራት። ከነርሷ የተረፈው በጀት ወደዚህ ይዙር የምትሉ?»

እጅ ብቻ ሆነ አዳራሹ። ልብስ ሰፊዋ ዚፑን ትታ አወጣች። ሹፌሩ ሁለቱንም አነሳ፤ ሰብሳቢው «አንዱ ይበቃል ወንድሜ!» ሲለው ሳቁ ተመልሶ መጣ።

እሷ በዚያ ሁሉ እጅ መሐል ቆማ ወደ ጎኗ ዝቅ ብላ አየች። እናቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናዋለች። እጇ ግን እንደ ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ከትከሻዋ ቀጥ ብሎ፣ ሰብሳቢው በደንብ እንዲያየው ከፍ ብሎ።