ባዶው ጀሪካን

የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ባንድ መሪ የመጀመሪያውን ምት ስትመታ ትልቁ የቆዳ ከበሮ ተቀደደ። ቆዳው እንዲወጠርላት እንደ ልማዷ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጣው ነበር፤ የድሬ ፀሐይ ግን አበዛው። ተመራቂዎቹ ጋውናቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። የሚገቡት በከበሮው ምት ነው። ተማሪዎቿ መለከታቸውን እንደያዙ አፈጠጡባት። እሷ ያየችው ግን ከፊት የተቀመጡትን እናቷን ነበር። «ከበሮ መምታት ደግሞ ሥራ ነው?» ሲሏት የኖሩት እናቷ የእህቷ ልጅ ስለሚመረቅ ብቻ ዛሬ መጥተዋል፤ በሥራዋ ላይ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው።

ከመድረኩ ጥግ ባዶ የውሃ ጀሪካን አየች። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አጋድማ የሰልፉን ምት ጀመረች። ድምፁ ታፈነ። አንዱ ተማሪ ሳቁን ዋጠ። ቀና ለማለት አልደፈረችም።

«አንቺ ልጅ፣ ገልብጪው እንጂ!»

እናቷ ረጅም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቆመዋል። «ቂጡ ነው የሚመታው! ከእኔ ጋር ስንት ሰርግ ውለሽ ይሄ ይጠፋሻል?»

«እሺ፣ ሆዮ» አለች፣ እናቷን በልጅነቷ እንደምትጠራቸው። ገልብጣ መታችው። አዳራሹ አስተጋባ። እናቷ ማጨብጨብ ሲጀምሩ አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው፤ የሰልፉ ምት ሳታስበው ወደ ሰርግ ምት ተለወጠ፣ መለከቶቹም ተከተሉ። ተመራቂዎቹ ትከሻቸውን እየሰበቁ ገቡ።

እናቷ ቦርሳቸውን አጠገባቸው ለተቀመጡት ዲን አስይዘው ወደ መድረኩ ወጡ።

«ጠጋ በይ» አሏት።