የማትጠፋው መስመር

እናቷን ከቀበረች ወዲህ የኬሚስቷ ቤት የሰው ድምፅ አይሰማበትም። ላቦራቶሪውም ያው ነው፤ ከፓምፑ በቀር የሚተነፍስ የለም። መድኃኒት ፋብሪካው መሐንዲሱን የላከላት እንዲህ ሳለች ነው፤ እሱም ሙከራው እስኪሳካ ብቻ።

ሙከራው የመድኃኒቱን ንጥረ ነገሮች እስካሁን በሚሠራበት የሚሸት ኬሚካል ፈንታ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ማዋሃድ ነው። ጋዙ በወፍራም የብረት ዕቃ ታምቆ ሲሞቅ ፈሳሽም ጋዝም ያልሆነ ነገር ይሆናል። በትንሿ የመስታወት መስኮት ሲያዩት ፈሳሹንና ጋዙን የምትለየው መስመር ድንገት ትጠፋለች። ሙቀቱ ከወረደ ግን መስመሯ ትመለሳለች፤ ልፋቱን ሁሉ ውሃ ይበላዋል።

መሐንዲሱ ሳቂታ ነው። ስለ ሚስቱ፣ ጥርስ ስላበቀለችው ልጁ ያወራላታል። ከሰዓት በኋላ ለሚስቱ ሊደውል ወደ ግቢው ሲወርድ እሷ ዕቃው ዘንድ ትቀራለች። ሲመለስ መስመሯ መስኮቱ ላይ ተጋድማ ትጠብቀዋለች።

«ሙቀቱ ደግሞ ወረደ?»

«ወረደ» ትለዋለች አንገቷን ደፍታ። «አይዞህ፣ ነገ ይሆናል። በል ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ።»

ሳምንታት አለፉ። የመሐንዲሱ ጥርጣሬ የላቦራቶሪው ጥገና ሠራተኛ ላይ አረፈ። ሰውየው ሰበብ እየፈለገ ብቅ ይላል፤ አንገቱን አስግጎ የብረት ዕቃውን ማሞቂያ ያያል።

«ይሄ ሰውዬ እጁ አለበት። ተፎካካሪዎቻችን ገዝተውት ይሆናል።»

«እኔ ሰው አላማም።»

«እርስዎ ደግሞ የዋህ ነዎት፣ እትዬ።»

መሐንዲሱ ሄዶ ለላቦራቶሪው ኃላፊ ነገረ። ኃላፊውም ጥገና ሠራተኛውን እሷ ፊት አስጠርቶ አፋጠጠው።

«ማሞቂያው ምንም አልሆነም፤ ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ» አለ ሰውየው። «ታዲያ ምን እንደሚያቀዘቅዘው ግራ ቢገባኝ ነው የምመላለሰው። እትዬ፣ ኧረ እርስዎ ይንገሯቸው!»

እሷ መሬት መሬቱን አየች። ሰውየው የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ፤ ከሥራ ተሰናበተ።

በማግስቱ መስመሯ ጠፋች።

«አላልኩዎትም!» መሐንዲሱ ጮቤ ረገጠ። «እስከ ማምሻው እንዲህ ከቆየልን አለቀ በቃ፣ ነገ ልጄ ጋ ነኝ። እስቲ ሚስቴን ላብስራት!»

ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ኬሚስቷ የኮቴው ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጠች።

ከዚያ እንደ ወትሮው እጇን ሰደደችና ማሞቂያውን አጠፋችው።