ዛሬ ተሰማኝ
የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ወዲህ ሽንቷን መቋጠር አቅቷት፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትሳለመው ከግቢው ውጭ ቆማ ነው። የላላውን ጡንቻዋን በኤሌክትሪክ የምታነቃላት ሲስተር ምንትዋብ፣ ማሽኑን በከፈተች ቁጥር «ይሰማሻል፣ እናቴ?» ትላታለች። ምንም አይሰማትም። ግን ሰው እንዲህ እየደከመላት «አይ» እንዳትል ይሉኝታ ይዟት፣ መልሷ ሁሌም «አዎ፣ ተባረኪ» ነው።

ዛሬ ግን ገና ጋደም ከማለቷ ከወገቧ በታች ሞቅ አላት። እንባዋ መጣ።

«ሲስተር! ዛሬስ የእውነት ተሰማኝ! ሞቀኝ እኮ! እንግዲህ ለመድኃኔዓለም ውስጥ ገብቼ ነው የማስቀድሰው!»

ሲስተር ምንትዋብ ገና ያልሰካችውን ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ደረቅ አንሶላ ልታመጣ ወጣች።