ከጭቃው የወጣ ሳሙና

ቤተ ክርስቲያኑ ሊሰፋ ስለሆነ የእናቴን አፅም እንድናነሳ ተነገረን። ከተቀበረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አባቴ ጋቢውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን ከውትድርና ባመጣው ባለ ኮከብ ቀበቶ ውስጥ ሸጉጦ፣ «ሳጥኑን ሳትከፍቱ አዛውሩት» አለ። የሞተች ዕለትም «በሽታው ይጋባል» ብሎ ሴቶቹን አስወጥቶ ብቻውን ነበር ያጠባትና የገነዛት።

ሳጥኑ ግን ውሃ ባቆረው ጭቃ ውስጥ በስብሶ ኖሮ ገና ሲነሳ ተሰነጠቀ። ከከፈኑ መሃል ነጭ ፊት ብቅ አለ። እናቴ አልፈረሰችም።

«ጻድቅ ናት!» ብለው ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ እልል አሉ።

የኬሚስትሪ መምህር የሆነው የእናቴ ወንድም ዕንባውን ጠረገ። «እትዬ፣ ጽድቋን እግዜር ያውቃል። ይሄ ግን ሳሙና ነው።»

«አሁንስ አበዛኸው! ሬሳ ሳሙና ሆነ በለን!»

«ይሆናል። አየር በማይገባበት እርጥብ ጭቃ ውስጥ የሰውነት ስብ ወደ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱ ከሥጋው ከሚወጣው አሞኒያ ጋር ሲዋሃድ ሳሙና ይሆናል። ከዚያ ይጠጥርና በተቀበረችበት ቀን የነበራትን መልክ እንዳለ ይይዛል።»

«ሸፍኗት!» ብሎ አባቴ ጮኸ።

እኔ ግን ልስማት ጎንበስ ብዬ ከፈኑን ገልጬው ነበር። አንገቷን የሰረጎደ ሰፊ መስመር ዞሮታል። ከጆሮዋ ሥር፣ ነጩ ሳሙና ላይ፣ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ታትሟል።

ቀና ስል አባቴ ጋቢውን ወገቡ ላይ ይሰበስብ ነበር።