ባዶው ላይ የታየው ጉብታ

«እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ፤ እኔው እጫነዋለሁ» አልኩት። ቦልቴ እጁን አነሳና ኪሱ ከተተ። ከኪሱም እንዲያወጣ አዘዝኩት። ፍላሽ ይዞ ቢሆንስ?

የማስተርስ ተማሪዬ ነው፤ ነገ ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀርባል። ከበዴሳ፣ ከሻንቶና ከቤሌ የመጣ ዝንጅብል ጨምቆ፣ በኤሌክትሪክ መርምሮ ሦስት ግራፍ አምጥቶልኛል። መሣሪያችን ቮልቱን ቀስ እያለ ከፍ ያደርጋል፣ መልሶ ያወርዳል፤ ፈሳሹ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ነገር ካለ መስመሩ ጉብ ይላል። የሦስቱም ጉብታ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቁመት! የሦስት አገር ዝንጅብል መንትያ ሆኖ አያውቅም። አንዱን ለክቶ ሁለቱን ገልብጧል ብዬ ደመደምኩ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው። የክስ ደብዳቤውን ጽፌ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ለአቶ ሐብተማርያም ሰጥቻለሁ፤ የቀረው ፊርማዬ ነው። ከፈረምኩ ቦልቴ ይባረራል።

«ዝንጅብሉን ተወው። ባዶውን እንለካለን።»

ባዶው ጨውና ውሃ ብቻ ነው፤ ጉብታ ሊኖረው አይገባም። ፈሳሹ ውስጥ የሚነከረውን መለኪያ ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ እንዲወለውል እንኳ አልፈቀድኩለትም። በውሃ የተበጠበጠውን ነጭ የመወልወያ ዱቄት ከጠርሙሱ ጨርቁ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ጫፉ መስታወት እስኪመስል ራሴ ወለወልኩ፤ አጠብኩ፤ ነከርኩ። ተጫንኩ።

መስመሩ እየተሳበ መጣና ጉብ አለ። እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቁመት።

ብርጭቆውን ቀየርኩ። ውሃውን ከሌላ ጄሪካን ቀዳሁ። አሁንም ጉብ! የቦልቴን ፊት አየሁት፤ የፈራ እንጂ ያጠፋ ሰው ፊት አልነበረም፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ኮምፒውተሩ ላይ ምን ጭነሃል?»

«ኧረ ምንም ዶክተር፤ ጌታ ያውቃል! እዚህ የላከኝ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ሌባ ተብዬ በዴሳ በምን ዓይኔ እገባለሁ?»

ኮምፒውተሩን ራሴ እፈትሽ ጀመር። ቆሞ መጠበቁ ሲጨንቀው የወለወልኩበትን ጨርቅ አነሳና በጠርሙሱ አፍ ላይ በጥንቃቄ ይጨምቅ ጀመር።

«ምንድን ነው የምታደርገው?»

«ቅሪቱን እየመለስኩ ነዋ። ዱቄቱ እንደ ልብ አይገኝም፣ ጠብታ እንዳይባክን ብለው የለ? ከእኔ በፊት የነበሩት ተማሪዎችዎ፣ ሜላትና ቶማም፣ ከመመረቃቸው በፊት እንደዚህ ነው ያሳዩኝ።»

ብያለሁ። ያን ጠርሙስ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እየጨመርንበት እንጂ ደፍተነው አናውቅም። ያኔ የምሠራው የራሴን የዶክትሬት ጥናት ነበር፤ በእርድ ላይ። ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ወተት መምሰል የነበረበት ፈሳሽ ቢጫ ቢጫ ይላል።

ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ዱቄት አውርጄ በንጹሕ ውሃ በጠበጥኩ። በአዲስ ጨርቅ ወለወልኩ። ለካሁ። መስመሩ ወጣ፣ ወረደ፤ ሜዳ ነው።

«ዶክተር፣ ጉብታው የት ሄደ?»

ቦልቴ ሲለካ የከረመው ያኔ ከጨርቁ ወደ ጠርሙሱ እየጨመቅኩ የመለስኩትን የእኔን እርድ ነበር፤ ዝንጅብሉ እርዱ ውስጥ ተውጧል። ከእሱ በፊት ሜላትና ቶማ የለኩትም ይኼንኑ ነው። ሁለቱም በእኔ ፊርማ ተመርቀዋል፤ ሜላት ዛሬ ቤሌ ላይ ታስተምራለች። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

በሩ ተንኳኳ። አቶ ሐብተማርያም ደብዳቤውን በክላሰር ይዘው ብቅ አሉ፤ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ቸኩለዋል።

«እህ፣ ዶክተር ጣፈጠች፣ ጥፋተኛው ታወቀ?»

ቦልቴ አቀረቀረ።

«ታወቀ» አልኩ። «የጻፍኩት ስም ስህተት ነው። እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

የቦልቴን ስም በአንድ መስመር ሰረዝኩት። የራሴን ለመጻፍ ግን ጊዜ ወሰደብኝ።