ደህና ነኝ የማይባልበት ቤት

ስንቅነሽ ከታመመች ወዲህ፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ የማንንም ሰላምታ በወጉ መልሳ አታውቅም። መደርደሪያው ላይ ከስኳሩ ቆርቆሮ አጠገብ የተቀመጠችው ትንሽ ካሜራ ለልብ ቀዶ ሕክምናዋ በኢንተርኔት ለሚያዋጡላት ሰዎች ቤቱን ቀኑን ሙሉ ታሳያለች። ሕጉ አጭር ነው፤ ታማሚው በገዛ አንደበቱ «ደህና ነኝ» ካለ መዋጮው ወዲያው ይዘጋል።

ጎረቤቷ ጋሽ ደምሰው አራት ፎቅ በከዘራ ወጥተው መጡ። ያመጡትን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

ስንቅነሽ እንደለመደችው አንገቷን ደፋች።

«እኔ ሚስቴን በቀበርኩ በሦስተኛው ቀን እንኳ ‹ደህና ነኝ፣ ተመስገን› ብያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የታመመው ልብሽ ነው ወይስ ምላስሽ?»

ልጇ ሊያ ከጓዳ ብቅ አለች። «እማ፣ እንዳትመልሺ! ገንዘቡ ሊሞላ ሦስት ቀን ነው የቀረው!»

ስንቅነሽ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«ደህና ነኝ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

የካሜራዋ አረንጓዴ መብራት ቀላ፤ መዋጮው ተዘጋ። ሊያ ጭንቅላቷን ያዘች። ስንቅነሽ ግን ካሜራዋን ፊት ለፊት አየቻት።

«ልቤ ታሟል፤ እሱም እውነት ነው። ማመስገንን ግን ከእናቴ ነው የወረስኩት፣ አልሸጠውም። ሊረዳኝ የፈለገ እንደ ጋሼ ደረጃውን ወጥቶ ይጠይቀኝ።»

የስኳሩን ቆርቆሮ አንሥታ ካሜራዋ ፊት አቆመችው። ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን» አሉ ጋሽ ደምሰው። ጉልበታቸው ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።