የማይረጋው ፍላጻ

ሽማግሌው የፍላጻውን ጫፍ መዳፋቸው ላይ አቁመው በሌላው እጃቸው ጣቶች አሾሩት። ቀጥ ያለ ፍላጻ እንደ እንዝርት ረግቶ ይዞራል፤ ይሄኛው ግን ተንቀጠቀጠ።

«ይሄንንም ፍላጻ ብለህ ይዘህ መጣህ?» አሉት፣ እንትፍ ብለው። «ለወጥ ማማሰያ እንኳ አልመርጠውም!»

ቀስታቸውን አንግተው ለአደን ሊወጡ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። ሽማግሌው ያላሳለፉት ፍላጻ ጫካ አይገባም፤ ባለቤቱም አብሮት ይቀራል። ፍላጻውን ያመጣው ሰውዬ አምናም በዚሁ ምክንያት ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ጋር ነበር የከረመው።

«አባባ፣ ሸምበቆውን እሳት ላይ እያሞቅሁ በጥርሴ ነው ያቀናሁት። እባክዎ አንዴ ይድገሙት።»

ደገሙት። ከበፊቱ ብሶ ተንቀጠቀጠ።

«አንተን ብሎ አዳኝ! ሂድ፣ ጓዳ ገብተህ ጥጥ ፍተል!»

«ለሚስቱ ውሃም ይቅዳላት እንጂ!» አለ ከአዳኞቹ አንዱ፤ ሳቁ እንደገና ደመቀ።

ሰውየው ፍላጻውን ተቀብሎ ጀርባውን ለአዳኞቹ ሰጠና በራሱ መዳፍ ላይ አሾረው። ፍላጻው ቀጥ ብሎ፣ ረግቶ ዞረ። ቀና ሲል የሽማግሌው እጅ ገና እንደተዘረጋ ነው፤ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሽማግሌው እጃቸውን ቶሎ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ።

«እስቲ እኛም እንየው!» እያሉ አዳኞቹ ቀረቡ።

ሰውየው ፍላጻውን ጨብጦ ወደ እነሱ ዞረ።

«ምን ይታያል? አባባ ልክ ናቸው፤ ጠማማ ነው» አለና ጉልበቱ ላይ ሰበረው።